በእህል መጋዘን ውስጥ መድረክ የሠሩት መምህር ዕንባቆም ኤርሲዶ

ወንድማችን መምህር ዕንባቆም ኤርሲዶ ከአባታቸው ከአቶ ኤርሲዶ ሀንዲሶ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውቢት ላቢሶ፣ በሌሞ ወረዳ ከሆሳዕና በጋሪ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር፣ ሰኔ 3 ቀን 1974 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ናቸው። ታላቃቸው ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ አክሊሉ ስሆን፣ ታናሻችን ደግሞ አዶናይ ነው። እንዲህ ባለ ቀን የሟች መልካምነት ብቻ እንደሚነበብ አውቃለሁ። የእኔ ጽሑፍ ግን የእኔንም ጥፋት ይዟል። ያን ትቼ ባነብ የዕንባቆም ሕይወት ግማሹ ይጎድላልና ጉባኤው ይታገሠኝ።

መምህር ዕንባቆም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራችን፣ የሁለተኛ ደረጃውን በሆሳዕና ከተማ ተከታትለዋል። አባታችን የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበሩ ያደግነው በመዝሙር ነው። ዕንባቆም በአሥራ ሦስት ዓመታቸው የልጆች መዘምራን ውስጥ ገቡ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ኪቦርድ መጫወት ቻሉ። በሀዲይኛ የደረሷቸው አራት መዝሙሮች ዛሬም በየአጥቢያው ይዘመራሉ። ደራሲያቸው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

በ1993 ዓ.ም. ሐዋሳ መምህራን ኮሌጅ ገብተው በባዮሎጂ ትምህርት በ1995 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። በሁለተኛ ዓመታቸው፣ የሆሳዕና ልጅ የሆኑት የዶርም ጓደኛቸው አቶ መሐመድአሚን አንድ ትንሽ አዳራሽ ትርኢት ለማየት ይዘዋቸው ሄዱ። ስሟን ማንም የማያውቀው ሴት ጊታር ይዛ ብቻዋን ወጣች። ስለተከራየችው ክፍልና ግድግዳው ላይ ስለሚወርደው ውሃ የራሷን ግጥም ዘፈነች። ከእሷ ቀጥሎ አንድ ወጣት ያለ ሙዚቃ እየወደቀና እየተነሳ ለብዙ ደቂቃ ተንቀሳቀሰ። ዕንባቆም ያን ቀን ከአዳራሹ የወጡት ወንበሮቹ ተሰብስበው ካለቁ በኋላ ነበር። ኋላ ሲያጫውቱኝ፣ “ሙዚቃ ለእግዚአብሔር ወይም ለሠርግ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያቺ ሴት ስለ ክፍሏ ስትዘፍን እኔ የቤታችንን ጣሪያ አየሁ” ብለውኛል። እኔ ያኔ ሳቅሁባቸው።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሺንሺቾ ከተማ ለስምንት ዓመት አስተማሩ፤ ከምባትኛም እዚያው ለመዱ። በጥር ወር 2000 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ከሆኑት ከወ/ሮ አቢጋኤል ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሐዳሳንና ማኅሌትን አፍርተዋል። በ2004 ዓ.ም. ወደ ሆሳዕና ተዛውረው እስከ ሕመማቸው ድረስ በመምህርነት አገለገሉ። ተማሪዎቻቸው እዚህ ስላሉ ስለ አስተማሪነታቸው እኔ ብዙ አልልም።

በ2005 ዓ.ም. አቶ መሐመድአሚን የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቃቸው ጀርባ ያለውን የአባታቸውን ባዶ የእህል መጋዘን ሰጧቸው። ሁለቱ ጠርገው፣ ሳንቃ ገጥመው፣ የተጠገኑ ስፒከሮች አቁመው መድረክ ሠሩ። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ያልቀዳቸው የየራሳቸው ዘፈን ያላቸው ሰዎች በቀጥታ ይጫወቱበት ጀመር። ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫ በሚኒባስ ይመጡ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የተገኘው ሰው አሥራ አራት ነው። መጠጥ የለም፤ ሲጋራ የለም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ ሰው በዝማሬው ይቀጥላል። አንድ አዛውንት በር ላይ አስቁመዋቸው፣ “መምህር፣ ይሄ መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን?” ሲሏቸው፣ “አባባ፣ ገብተው ይስሙትና እርስዎ ይንገሩኝ” ብለው መለሱላቸው። አዛውንቱም ገቡ።

ሁሉም እንደ እሳቸው አልገባም። በ2006 ዓ.ም. የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች ዕንባቆምን ጠርተው ከመጋዘኑና ከመዘምራን ኅብረቱ አንዱን እንዲመርጡ ጠየቋቸው። “በሁለቱም ቦታ የማዜመው እኔው ነኝ፤ ለሁለት ልከፈል አልችልም” አሉ። ከመዘምራን እንዲወጡ ሲወሰን እጃቸውን ካነሱት አንዱ አባታችን ነበሩ። ዕንባቆም ከዚያ በኋላም እሑድ አልቀሩም። የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጠው ራሳቸው የደረሱትን መዝሙር ሌሎች ሲዘምሩት ይሰሙ ነበር።

አሁን ወደ አዶናይ ልምጣ። በጥቅምት ወር 2008 ዓ.ም. ወንድማችን አዶናይ እንደ ብዙ የአካባቢያችን ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሳ። እኔ የኢሱዙ ሹፌር ነኝ፤ በመንገድ ላይ የማውቀው ሰው ብዙ ነው። ደላላውን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ዕንባቆም፣ “ተው፣ አትላከው” ብለውኝ ነበር። “አንተ ዘፈንህን ዝፈን” አልኳቸው።

በመጋቢት ወር አብሮት የነበረ የሾኔ ልጅ ደወለልኝ። ከድንበር ወዲያ፣ በተዘጋ የጭነት መኪና ውስጥ፣ ሸራ ለብሰው ሳሉ መኪናው ቆመ፤ ሹፌሩ ጥሏቸው ሸሸ። በሩ ሲከፈት አዶናይ በሕይወት አልነበረም። የት እንደተቀበረ እስከ ዛሬ አናውቅም።

አባታችን፣ ዕንባቆምና እኔ እንሰቱ ጓሮ ቆመን ተመካከርን። አባታችን፣ “እናታችሁ ደም ግፊት አለባት፤ ይህን ብትሰማ አትተርፍም” አሉ። ታስሯል፣ አንድ ቀን ይፈታል ብለን ነገርናቸው። ልቅሶ ሳንቀመጥ፣ ድንኳን ሳንተክል ቀረን። እናታችን በየረቡዑ የሴቶች ጸሎት ላይ ተንበርክከው ልጃቸው እንዲፈታ ይለምኑ ነበር። ሦስት ዓመት። ዕንባቆም ሁለት ጊዜ፣ “ወንድሜ፣ እንንገራት” ብለው ለመኑኝ። ሁለቱንም ጊዜ የእናታችንን ጤና ምክንያት አደረግሁ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ሌላ ነው፤ ሞቱ ከተነገራቸው ደላላውን ማን እንዳመጣው ይጠይቃሉ።

ዕንባቆም ቃላቸውን ጠበቁ። ለአንድ ዓመት ያህልም መጋዘኑን ዘጉ። ኋላ ግን ግጥም፣ ሙዚቃና እንቅስቃሴ ያለበት አንድ ሥራ አዘጋጁ፤ ስሙን “ሸራ” አሉት። ግንቦት 10 ቀን 2011 ዓ.ም. ቅዳሜ ወደ ስድሳ ሰው ፊት ቀረበ። የማንም ስም አልተጠራበትም። እናታችን ያን ቀን ከገበያ ሲመለሱ፣ ልጄ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን ልየው ብለው በራሳቸው ፈቃድ ገቡ። ከዚያ በፊት መጋዘኑን ረግጠው አያውቁም። ትርኢቱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ፣ በመድረኩ ሸራ ሥር የቆሙትን ሰዎች እያዩ ከተቀመጡበት ተነሱና በሀዲይኛ፣ “ከእነዚህ ውስጥ የእኔ የትኛው ነው?” አሉ።

ሙዚቃው ቆመ። ዕንባቆም ከመድረክ ወርደው እግራቸው ሥር ተንበርክከው ነገሯቸው። ከታዳሚው አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እናታችንን ከቦ እስኪመሽ አለቀሰ። የአቶ መሐመድአሚን ባለቤት ወ/ሮ ሃቢባ ነጠላቸውን አንጥፈው መሬት ላይ አብረዋቸው ተቀመጡ። ለአዶናይ የተለቀሰው ልቅሶ ያ ብቻ ነው። እኔም አባቴም አልነበርንበትም።

አባታችን በማግስቱ ዕንባቆምን፣ “ሰው ሰብስበህ ልጄን ሁለተኛ ገደልከው፤ ደጄን እንዳትረግጥ” አሏቸው። እኔ ሻሸመኔ ሆኜ ነው የሰማሁት። መኪናዬን አዙሬ መጥቼ በራቸው ላይ አንገታቸውን ያዝኩና፣ “ሆን ብለህ ነው የጠራሃት!” አልኳቸው። እሳቸውም፣ “አልጠራኋትም። በሩ ላይ ሳያት ግን ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም” አሉኝ። በሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ፊት በጥፊ መታኋቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ከአምስት ዓመት በላይ አልተነጋገርንም። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ትርኢቱን ሳላየው ነው።

እናታችን ለአዶናይ ድንኳን እንዲተከል ለመኑ። አባታችን፣ “ሬሳ በሌለበት ምን ድንኳን አለ?” ብለው እምቢ አሉ። እናታችን ከዚያ ወዲያ የመጋዘኑ ቅዳሜ አምልጧቸው አያውቅም። በጥር ወር 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ዕንባቆም የቆሙት ከቤተሰቡ ጋር ሳይሆን ከአቶ መሐመድአሚን አጠገብ፣ ከለቀስተኛው መሐል ነበር። እኔ አየኋቸው፤ ና አላልኳቸውም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወንድማችን በጉበት ሕመም ተያዙ። በሆሳዕናና በአዲስ አበባ ሕክምና ቢከታተሉም ሕመሙ ጠናባቸው። ባለፈው ኅዳር ወ/ሮ አቢጋኤል ስልክ ደውለው፣ “ጋሼ አክሊሉ፣ ‘ሸራ’ ቅዳሜ እንደገና ይታያል። ከዚህ በኋላ ለእሱ ሌላ ቅዳሜ መኖሩን አላውቅም” አሉኝ። ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ሄጄ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

ያየሁትን ልናገር። ሰባት ሰዎች ከአንድ ፍራሽ በማይሰፋ ቦታ ላይ ተጣብቀው ቆመዋል። ከላያቸው የመኪና ሸራ ተወጥሯል። ዕንባቆም ወንበር ላይ ተቀምጠው ኪቦርዱን ይጫወታሉ፤ ከስተዋል፣ ጣታቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ድንገት ኪቦርዱ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሰባቱ ሰዎች እስትንፋስ ብቻ ነው፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ያወጣል፤ ሰባቱ አንድ ላይ ዜማ ይሆናሉ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች አብረው ሲተነፍሱ ሰማሁ፤ እኔም ሳላውቀው አብሬ እተነፍስ ነበር። ከዚያ እስትንፋሱ አንድ በአንድ ይቀንሳል። አንዲት ሴት በሀዲይኛ በእናት ቤት ያለውን ዕቃ እየጠራች በቀስታ ታዜማለች። ስድስት፣ አምስት፣ አራት እያለ ሲሄድ፣ ሃያ ዓመት መኪና የነዳሁ እኔ በሩ ሥር ተቀመጥኩ።

እስከ መጨረሻው ድረስ ራሴን በመድረኩ ላይ ለማየት ጠበቅሁ። ደላላው የሚወጣበትን፣ ደላላውን ያመጣው ወንድም የሚወጣበትን ቦታ ጠበቅሁ። አልወጣም። ለዓመታት የሰደበኝ መስሎኝ በጠላሁት ሥራ ውስጥ እኔ የለሁም።

ሰው ከወጣ በኋላ ቀርቤ፣ “ለምን አልከሰስከኝም?” አልኳቸው።

“አንተን ባስገባህ ሰው አንተን ሲፈልግ አዶናይን ሳያየው ይወጣ ነበር” አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። “ይቅር ብዬሃለሁ ወንድሜ። ግን በጣም ዘገየህ” አሉ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ የቀረን ሦስት ወር ብቻ ነበር።

አባታችን በመጨረሻው ሳምንት በጋሪ መጥተው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው በስማቸው ጠሯቸው። ደጋግመው ጠሯቸው። ዕንባቆም በዚያን ጊዜ ሰው አይለዩም ነበር።

መምህር ዕንባቆም ኤርሲዶ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ዓርብ ማለዳ በመኖሪያ ቤታቸው፣ በተወለዱ በ42 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ተሰበሰቡ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ አቢጋኤልን፣ ልጆቻቸውን ሐዳሳንና ማኅሌትን፣ አባታቸውን አቶ ኤርሲዶ ሀንዲሶን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እንዲሁም በመጋዘኑ አብረዋቸው የዘመሩትን ሁሉ ትተው ሄደዋል።

ይህን ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመውሰዴ በፊት ትናንት ጠዋት ለአባታችን አነበብኩላቸው። ያነሱት እጅ፣ እምቢ ያሉት ድንኳን፣ የእኔም ጥፊ እንዲሰረዝ ያዙኛል ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና፣ “አዶናይ የተወለደበትን ቀን ለምን አልጻፍክም?” አሉኝ። እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩት።

ወንድማችን አዶናይ ኤርሲዶ ነሐሴ 20 ቀን 1983 ዓ.ም. በሌሞ ወረዳ ተወለደ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተማረ። በ2008 ዓ.ም. በስደት መንገድ ላይ፣ በ24 ዓመቱ ዐረፈ። ለአባቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። ከቀብር ሥነ ሥርዓቱ በኋላ በአባታችን ደጅ በተተከለው ድንኳን የምንቀመጠው ለሁለቱም ነው።

እግዚአብሔር ሁለቱን ወንድሞች በእቅፉ ያሳርፋቸው። ለአባታቸው፣ ለወ/ሮ አቢጋኤልና ለልጆቹ መጽናናትን ይስጥ። እኛንም ለመነጋገር ሞትን ከመጠበቅ ያድነን። አሜን።