የጣውንቴ ጎማዎች

ለአላምረው፣ ለእኔም ለላንድሮቨሯም ባል፤

አፈሩን ገለባ ያድርግልህ። ከተለያየን እነሆ ክረምቱ ገብቶ ሊወጣ ነው፤ አደይ አበባው ሲፈነዳ ዓመትህ ይደርሳል። በሕይወትህ ሳለህ በሰው ፊት አንቱ፣ ጓዳ ስንገባ አንተ እልህ ነበር። ዛሬ በሩን ዘግቼ ነው የምጽፍልህና አንተ ብልህ አትቀየመኝ። የምነግርህም የጓዳ ነገር ነው።

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ንስሐ አባታችን ደህና ቦታ እንዳለህ ነግረውኛል፣ እሳቸውን አምናለሁ። ደህና ያልሆንሁት እኔ ነኝ። ቅናት ይዞኛል። የሌላዋ ሴት ቅናት ባሏ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። የእኔ ጣውንት ግን ብረት ናት፤ እኔ ጥቁር ለብሼ ቤት ስቀመጥ እሷ አቧራዋን እያስነሳች በደጄ ታልፋለች።

ቤቱ እንደተውኸው ነው ማለት ይቻላል። የጓዳው ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሮ ነበር፣ ወንድምህ መጥቶ ቆርቆሮውን መታልኝ። አጥሩን ዝናቡ ጣለው፤ ባለጋሪዎቹ ገበያ ሲሄዱ መንገድ ለማሳጠር በግቢያችን ያቋርጣሉ፣ ተቆጥቼ ተቆጥቼ ደከመኝ። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንዳንተ ግንባራም ናት። ሣሩ በየቦታው በቅሏል፣ ላንድሮቨሯ ትቆምበት የነበረው ቦታ ብቻ አልበቀለም። ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማየው የእሷን ምልክት ነው።

መስሪያ ቤቱ ሾፌር አድርጎ እሷን ያስረከበህን ቀን አልረሳውም። ትርፍ ጎማዋን እንደ ጋሻ አፍንጫዋ ላይ አስራ እየተንጎራደደች ገባች። እኔም እልል አልሁ፤ እልልታዬ ለጣውንቴ መሆኑን የት አውቄ። ማታ እንደ ልማዴ ውኃ አሙቄ እግርህን ላጥብ ብጠብቅህ፣ አንተ ደጅ ሆነህ የእሷን እግር ታጥባለህ። በጎማዋ ጥርስ መሐል የገባውን ጭቃ በእንጨት እየጎረጎርህ፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ እየለቀምህ፣ ውኃዬ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲያ እኔ ያንተን እግር፣ አንተ የእሷን እግር ስናጥብ ኖርን። ልጅ አልሰጠንም፤ የልጅ እንክብካቤህ ሁሉ ወደዚያች ብረት ሄደ።

እሑዱ ደግሞ ባሰ። ከቅዳሴ መልስ ሰው ሁሉ አረፍ ሲል አንተ ክሪክህን አውጥተህ ላንድሮቨሯን ብድግ ታደርጋለህ። የፊቶቹ ጎማዎች መሪው በዞረ ቁጥር ጠርዛቸው ይበላል፣ የኋላዎቹ መሐላቸው ይበላል፣ ቦታ ካልተለዋወጡ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዳዲስ ይቀራል አልኸኝ። አራቱ እግሮቿ እኩል ካልሆኑ፣ ጭቃ መጥቶ የፊቱን ማርሽ ስታስገባ እግሮቿ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ጥርስ ይሰበራል አልኸኝ። እኔም እንደ ቆሎ ተማሪ አጠናሁት፤ ትርፉ ወደ ኋላ ቀኝ፣ የኋላ ቀኙ ወደ ፊት ግራ፣ የፊት ግራው ወደ ኋላ ግራ፣ የኋላ ግራው ወደ ፊት ቀኝ፣ የፊት ቀኙ አርፎ ትርፍ ይሆናል። ዛሬም እንቅልፌ ሲጠፋ ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ አፌ የሚመጣው ይኸው ነው።

ንስሐ አባታችን በሰንበት ብረት አትፍታ ብለው ገሠጹህ። ስግደት ሰጡህ። ሰገድህ፣ የጎማው ተራ ሲደርስ ደግሞ በእሑድ ክሪክህን አነሣህ። ይኼኔ ነው ደሜ የፈላው። ለእኔ ስትል አንድ ጾም ያልገደፍህ ሰው፣ ለእሷ ስትል ሰንበት ሻርህ።

ያም አልበቃህ፣ እኔን አገልጋይዋ አደረግኸኝ። ዱካሽን ይዘሽ ነይ ትለኛለህ። ያቺን በርጩማዬን ከጎማው አጠገብ አኑረህ ታስቀምጠኛለህ። ጎማውን የሚይዙትን ዳዶዎች እየፈታህ፣ ሣር ውስጥ እንዳይጠፉ እያልህ፣ በቀሚሴ እቅፍ ትጥልብኛለህ። ቆብህን ከራስህ አውልቀህ በራሴ ትደፋለህ፤ ፀሐዩ እንዳይመታሽ ትላለህ፣ ሰማዩ ደመና ሆኖ እንኳ። እኔ ቀሚሴ በግራሶ እየተበላሸ፣ ዳዶ አቀብዬ ዳዶ እየተቀበልሁ፣ አንተ ስለ መንገዱ፣ አዲስ ቅዳም ከተማ ስላገኘኸው ሰው፣ እንጅባራ ላይ ስለያዘህ ብርድ ታወራለህ። በሌላው ቀን ከሥራ ስትመጣ ደክሞህ ሁለት ቃል የማትተነፍስ ሰው፣ ጎማ ስትፈታ አፍህ ይፈታል። እኔ ደግሞ ወሬው ሁሉ ለእሷ የሚወራ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤታችን አትጠገብ በአጥር አሾልካ እያየች፣ ዛሬም የጣውንትሽን ጫማ ልትይዢ ወጣሽ ወይ ስትለኝ እስቃለሁ። ሳቄ ከአንጀቴ አልነበረም።

ከዚያ የያዘህ ሳል ጠናብህ። ሌላው ባል ሲሞት ስለ ነፍሱ፣ ስለ ሚስቱ ይናዘዛል። አንተ ድምፅህ አልቆ፣ እጄን ይዘህ፣ ጆሮዬን ወዳፍህ ሳስጠጋ ያልኸኝን ታስታውሰዋለህ?

«ከተሻለኝ እሑድ ጎማዋን እናዛውራለን። ዱካሽን ይዘሽ ትመጫለሽ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። በሞት አፋፍ ላይ ሆነህ እንኳ እሷ ናት የታየችህ አልሁ። አልተሻለህም፤ ሌላም ቃል አልጨመርህልኝ።

ለቅሶህ ደግሞ የእኔን ቁስል በእንጨት ነካው። በሠልስትህ አገሩ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ የወንድ ለቅሶ ያለ ፈረስ ባዶ ነው አሉ፤ የሟች ፈረስ ተጭኖ፣ ልብሱ በኮርቻው ላይ ተነጥፎ ለቅሶው መሐል ካልዞረ በአገው ወግ አልተለቀሰለትም። የአንተ ፈረስ ሾፌር የሆንህ ጊዜ ለወንድምህ ተሰጥቷል። ፈረሱን ያምጣው ሲሉት ወንድምህ አንገቱን ነቀነቀ፤ የእሱስ ፈረስ መስሪያ ቤት ቆማለች አለ። አዩት፣ ተያዩ፣ እውነት ነው አሉ። በአንተ ምትክ የተመደበው ፈንታሁን የሚባል ሾፌር ተልኮ ላንድሮቨሯን አመጣት። ካፖርትህን በአፍንጫዋ አነጠፉላት፣ ቆብህን በትርፍ ጎማዋ ላይ ደፉላት። ሁለት ሰዎች እንደ ልጓም በግራና በቀኝ መስተዋቷን ይዘው፣ እሷ በዝግታ እየተንከባለለች፣ ለቅሶውን ዞረች።

አክስትህ ማንጠግቦሽ ፊቷ ቆማ በአገውኛ ሙሾ ታወርድላት ጀመር። አንቺ ባለ አራት እግር፣ ጌታሽ የት ሄደ፣ እንግዲህ እግርሽን ማን ያጥብልሽ አለቻት። ሰው ሁሉ ደረቱን መታ። ሽማግሌዎች ቀዝቃዛ ብረቷን እየዳበሱ አለቀሱ። እኔ ራሴን ተላጭቼ ጥግ ተቀምጫለሁ፤ እግር የሚያጥብ እጄ ሥራ ፈትቶ ጉልበቴ ላይ ወድቋል፣ እሱን ያየልኝ አልነበረም። ባሏ የሞተባት እሷ ሆነች። ለቅሶው ሲበተን ብድግ አልሁና ቆብህን ከላይዋ አንሥቼ በነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁት። ካፖርቱን ወንድምህ ወሰደው። ቆቡን ግን ማንም ሲጠይቀኝ አላየሁም አልሁ።

ፈንታሁን ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ነው የጎዳው። የሟች እጅ ያሰረውን ዳዶ የዓመት ተዝካሩ ሳይወጣ አልፈታም ብሎ ማለ። ሴቶቹ ሰምተው፣ አቤት ጨዋ፣ አቤት የሰው ሐዘን የሚያውቅ አሉ። እንግዲህ እሷም እንደ እኔ ሐዘን ተቀመጠች ማለት ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። ፈንታሁን በደጄ ሲያልፍ እየወረደ እጅ ይነሣኛል፤ እኔ የምመለከተው ጎማዋን ነው። የፊት ጎማዎቿ ጠርዛቸው ተበልቶ፣ ጥርሳቸው አልቆ፣ እንደ ራሴ ተላጭተው ነበር። የኋላዎቹ ገና ናቸው። ትላጭ፣ ትለቅ፣ እኔስ ተላጭቼ የለ ወይ አልሁ በሆዴ።

ሐምሌ ሲገባ መጥቶ ጠየቀኝ። ጭቃ ላይ ወደ ጎን እየጎተተችው እንደሆነ፣ የፊቱን ማርሽ ሲያስገባ ሆዷ እንደሚያጉረመርም ነገረኝ። አንተ በምን ተራ ታዛውር እንደነበር አውቅ እንደሆነ፣ ፈቃዴም እንደሆነ በትሕትና ለመነኝ። እኔ የሴት ነገር ምን ዓውቄ፣ ተዝካሩን ጠብቅ አልሁት። ያቺ ተራ ከአንተ የቀረችኝ የእኔ ብቻ ነገር ነበረች፤ ለእሷ መድኃኒት አድርጌ ልሰጥ?

በሳምንቱ በአዲስ ቅዳም ቁልቁለት ላይ ተንሸራታ ቦይ ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተነካም። ወሬውን ያመጣችልኝ አትጠገብ ናት፤ እኔም እሰይ ልል አፌን ስከፍት ቀጠለችና ገበያው ሁሉ ምን እንደሚል ነገረችኝ። የጌታዋ ሐዘን ነው፣ ከእሱ ወዲያ መኖር አስጠልቷት ነው ራሷን ቦይ የጣለች ይላል አለችኝ። ሴቶቹ መንገድ ዳር ቆመው አልቅሰውላታል።

እዚያ ላይ አላስቻለኝም። እኔ በልቼ ጠጥቼ እኖራለሁ፣ እሷ ከሐዘን ብዛት ራሷን ጣለች ተብላ ልትበልጠኝ? በማግሥቱ ለፈንታሁን ላክሁበት። ጎማዋ ይዛወርላት፣ ተራውን እኔ አውቃለሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አምጣት አልሁት። እሱ ግን በሐሙስ ይዟት መጣ። ስለምን እሑድን አልጠበቅህም ብዬ ብጠይቀው ግራ ገባው። ይህ የመስሪያ ቤት ሥራ ነው፣ በሥራ ቀን በመስሪያ ቤቱ ግቢ ነው የሚሠራው፣ ለዚሁ ከሰዓት በኋላ ይሰጠናል፣ ዘበኛውም ያግዛል፤ ከእርስዎ ዘንድ ያመጣኋት ተራውን ስለሚያውቁት ነው እንጂ አለኝ። ሰማሁት፤ ወዲያው ግን አልገባኝም።

ዱካዬን አውጥቼ በለመድሁት ቦታ ተቀመጥሁ። ቆብህን ከነጠላዬ ውስጥ አውጥቼ በተላጨ ራሴ ላይ ደፋሁ። ፈንታሁን አማትቦ አንተ ያሰርኸውን ዳዶ ፈታ። ቀሚሴን ዘርግቼ ጠበቅሁ። እሱ ቀና ብሎ አየኝ፣ አፈረ፣ ዳዶውን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

«እትዬ፣ ቀሚስዎ በከንቱ ይበላሻል። ሾፌር ዳዶውን የሚያስቀምጠው ቆቡ ውስጥ ነው» አለኝ፤ የራሱንም አውልቆ ሣሩ ላይ ገልብጦ አኖረው።

አላምረው፣ የዚያን ጊዜ እጄን አንሥቼ ራሴ ላይ ያለውን ቆብ ያዝሁ። ዳዶው መቀመጫ ነበረው፤ አንተ መቀመጫውን በእኔ ራስ ደፍተህ ዳዶውን በእቅፌ ታስቀምጥ ነበር። ከሰዓት በኋላውም፣ ግቢውም፣ የሚያግዝህ ዘበኛም ነበረህ። እሑድን የመረጥኸው እኔ የማልፈጭበት፣ የማልቀዳበት፣ እጄ የሚያርፍበት ቀን እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ለእሷ የመሰለኝ ስግደት ለእኔ የተሰገደ ነበር። ያን ሁሉ ወሬ የምታወራው ከእኔ ጋር ነበር። ስትሞትም የጠራኸው እሷን አልነበረም፤ ዱካሽን ይዘሽ ትመጫለሽ ያልኸው እኔን ነው፣ እኔ ደግሞ ፊቴን አዙሬ ተኛሁ።

በሐዘንህ ያላለቀስሁትን ያህል አለቀስሁ። ፈንታሁን የጣውንቴ ጎማ አሳዝኖኝ መስሎት፣ ይተካል እትዬ፣ አዲስ ይመጣላታል እያለ አጽናናኝ።

ተራውን ሳላጎድል ነገርሁት። ትርፉን ወደ ኋላ ቀኝ፣ የኋላ ቀኙን ወደ ፊት ግራ፣ እስከ መጨረሻው። ሲያበቃ የተላጩት የፊት ጎማዎቿ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ አፍንጫዋ ላይ ትርፍ ሆኖ አረፉ። ስትሄድ ቀጥ ብላ ሄደች። እንደ ጣውንት በክፉ ዓይን ልሸኛት ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። እስከ ማዞሪያው ቆሜ አየኋት።

እንዳትሳሳት ግን፣ ቅናቴ አልበረደም። ያንተ እጅ የጨበጠውን መሪ ዛሬም እሷ ይዛለች፤ የሄድህበትን መንገድ ሁሉ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለች። ግን ከእንግዲህ እሑድን አልቀናባትም፣ እሑዱ የእኔ ነበር። ተዝካርህን እንደ አቅሜ አወጣለሁ። ከዚያ በኋላም ከቅዳሴ ስመለስ ዱካዬን ሣሩ በማይበቅልበት ቦታ አኑሬ እቀመጣለሁ፤ አጥሩ እንዴት እንደሆነ፣ ጥጃዋ እንዴት እንዳደገች በተራዬ እኔ አወራልሃለሁ።

ፈንታሁን ባለፈው ዝናብ ቆቡ በጎርፍ ተወስዶበት፣ ጎማው ሲደርስ ለዳዶ ማኖሪያ የአንተን እንዳውሰው ጠየቀኝ። ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አልመለስሁለትም። ቀሚሴን ዘረጋሁለት። ቆቡ ግን ከራሴ አይወርድም።

ሚስትህ ዘርፌ፣ ከዳንግላ