ለእማዬ ፊት የማይሆን የፀጉር አቆራረጥ

ይድረስ ለወንድሜ ለሠረቀብርሃን። ለጤናህ እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብቻ ተናድጃለሁ።

ደብረ ብርሃን ያለው ፀጉር ቤቴ ሥራ አለው። ዘንድሮ ተማሪዎቹ ሁሉ ስልክ ላይ ያዩትን አጭር የፀጉር አቆራረጥ ነው የሚፈልጉት። ፊቷ ክብ የሆነችውን፣ "ጉንጭሽ ላይ አታሳጥሪው፤ ከአገጭሽ በታች ይውረድ" ስላት ታኮርፈኛለች። እሱን ለምጄዋለሁ። ያናደደችኝ እማዬ ናት።

ቅዳሜ ከአንኮበር መጣች። በፌስታል ጥቁር ቀሚስ ይዛለች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሹሩባዋን ፈታችና፣ "ከሥሩ ቁረጪልኝ" አለችኝ።

"ፊትሽ ረጅምና ቀጭን ነው፤ አጭር አይሆንልሽም" አልኳት።

"ለማማር መሰለሽ?"

"እኔ የምቆርጠው ለማማር ብቻ ነው።"

መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ጭቅጭቋን እየሰማሁ ሹሩባዋን መልሼ ሠራሁት። ቀሚሱንም ወስጄ አስቀረሁባት።

ካንተ በኋላ በባሕር ለመሻገር የተነሱት ልጆች እንኳ ጅዳ ገብተው ደውለዋል። አንተ ስልክ ማንሳት ምን ይከብድሃል? ድሮም ግዴለሽ ነህ።

ደብዳቤውን ወደ ጅዳ ለምትመለሰው ጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ፤ ፈልጋ ታግኝህ። ሹሩባው ሲላላ እማዬ ተመልሳ ትመጣለች። ያኔ ስለ ፊቷ የምነግራት ነገር አይኖረኝም፤ አንተው ደውለህ ንገራት።

ባለህበት ሰላም ሁን።

የተቆጣችህ እህትህ ሔራን