ነርስ ነኝ ያልኩበት ሁለት ዓመት

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ወልደ ሰንበት፣
ነአኩቶ ለአብ፣ ላስታ።

አባቴ ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ከቤት እስከ ገዳሙ ያለው አቀበት ዘንድሮም ያስቸግርዎታል ወይስ ቀለል አለልዎ? የእማዬን ዓይን የሚጋርደው ነገርስ እንዴት ሆነ? ወንድሜ መልአኩ ከቱሪስቶቹ ጋር ሽቅብ ቁልቁል ሲል ጾሙን እንዴት ያዘው? አዝመራውስ በረዶ ሳይመታው ገባላችሁ? እኔ በእናንተ ጸሎት ደኅና ነኝ። ብርዱን የላስታ ልጅ ይችለዋል፤ የከበደኝ ፀሐይ የሌለበት ብርድ መሆኑ ነው።

ጥር ላይ የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ትሕትና ደሴ የጀመረችውን የነርስ ትምህርት ዘንድሮ ስትጨርስ ወደዚህ ወደ እንግሊዝ አገር ለመምጣት እንደቆረጠች፣ አንድ ደላላም «ስድስት ወር ሳይሞላሽ እንደ እህትሽ በትልቅ ሆስፒታል ትሠሪያለሽ» እንዳላት ነግረውኛል። በመጨረሻም «ሰገነት እንዳለችው ይሁን» ብለው ፍርዱን ለእኔ ተዉት። ይህችን ቃል ካነበብኩ ወዲህ ሰላም የለኝም። ትሕትና ልትከተለው የተነሣችው መንገድ እኔ የሄድኩበት ሳይሆን እኔ ያወራሁላችሁ ነውና።

አባቴ፣ ዋሽቼዎታለሁ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እስከዚህ ወር መግቢያ ድረስ ነርስ ሆኜ አልሠራሁም። የእኔም ደላላ «ሄደሽ ዲፕሎማሽን ማሳየት ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር። ስደርስ ግን የነርሶች ቦርድ መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፈተና እንዳልፍ፣ ከዚያም በሌላ ነርስ ሥር ሆኜ ለወራት እንድሠራ ጠየቀኝ። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። መናገሩ አላቃተኝም፤ የጣለኝ ድርሰቱ ነው። እስከዚያው የምሠራው በአረጋውያን መኖሪያ ቤት በረዳትነት ነበር። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። መርፌ መንካትም ሆነ ክኒን መስጠት አልተፈቀደልኝም።

አገር ቤት ኮን ጤና ጣቢያ ሳለሁ ምጥ የጠናባትን በቃሬዛ ሲያመጡልኝ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ወሳኟ እኔ ነበርኩ። ያንን ያደረገ እጅ እዚህ ሲመጣ ገላ ማጠቢያ ጨርቅ ብቻ ሲያዝ ውርደት መሰለኝ። እርስዎ በጸሎተ ሐሙስ ጎንበስ ብለው የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ እያየሁ አድጌ፣ ተራው የእኔ ሲሆን አፈርኩበት። መልአኩ ስልክ ላይ «ሆስፒታሉ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ደኅና ነው» አልኩት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ።

ባለፈው ሰኔ አንድ ጠዋት፣ ወይዘሮ ዶሪስ የሚባሉ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አሮጊት ቁርስ ላጎርስ ስቀርብ ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ምላሳቸው ተሳስሮ አገኘኋቸው። መርፌያቸውን ተወግተው ቁርሱ ዘግይቶባቸው ነበር። ስኳራቸው እንደወረደ ገባኝ። ተረኛዋን ነርስ ጠርቼ ብነግራት «እርጅና ነው፤ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ያደርጋቸዋል። ደግሞም መመርመር የእኔ ሥራ እንጂ የአንቺ አይደለም» ብላኝ ወደ መድኃኒት ጋሪዋ ተመለሰች።

ኮን ላይ የምጠይቃት አልነበረችኝም፤ እዚህ የምጠይቃት እያለች አትሰማኝም። ኋላ ግን ማጠጣት የእኔ ሥራ አይደለም ወይ ብዬ አሰብኩ። መዋጥ ይችሉ ስለነበር የብርቱካን ጭማቂ ውስጥ ስኳር በጥብጬ ጥቂት በጥቂት አጠጣኋቸው። ከዚያም በሰው ሁሉ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ «ስኳራቸውን ለኪ፤ ሳትለኪ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አልኳት። ለካች። ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ዐመድ መሰለ። አምቡላንስ ተጠርቶ ተወሰዱ፤ በሦስተኛው ቀን ድነው ተመለሱ።

እሳቸው በተወሰዱ በማግስቱ፣ ከመጣች ወር ያልሞላት አዲስ ኃላፊ አስጠራችኝ። በሕመምተኞች ፊት ጮኸሻል ብላ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቱን ስቀበል «ይህን ከየት ተማርሽው?» አለችኝ። «ነርስ ነኝ» አልኳት። እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ፈተና የወደቀች ነርስ ከመባል ምንም አለመባል ይሻለኛል ብዬ ኖሮ ለማንም አልተናገርኩም። በሳምንቱ ያቺው ተረኛ ነርስ፣ ለኃላፊዋ ስለ ፈተናው የነገርኳትን ሰምታ ኖሮ፣ ደብተር ይዛ መጣች። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ «ድርሰትሽን እኔ አርምልሻለሁ» ብቻ አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ አብራኝ ተቀመጠች። መስከረም ላይ በሦስተኛው አለፍኩ፤ ከዚያ ሦስት ወር በነርስ ሥር ሠራሁ፤ የካቲት መባቻ ላይ ስሜ በመዝገብ መግባቱን የሚናገር ወረቀት ደረሰኝ።

እልል የምል መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን እንደያዝኩ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ግን ባንችይርጋን ነው። ኮን ሳለሁ ከወለደች በኋላ ደም ሲፈስሳት አምጥተዋት በእግዚአብሔር ቸርነት ያተረፍኳት ሴት ናት። ልሄድ ስሰናበታት «አንቺ ከሄድሽ እኛ ወዴት እንሂድ?» አለችኝ። «ሌላ ሰው ይመጣል» አልኳት። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ያ ቦታ ዓመት ሊሞላው ምንም ሳይቀረው ባዶ እንደነበር እያወቅሁ ነው ይህን ያልኩት። እዚህ የእኔን ዲፕሎማ ለማመን ሁለት ዓመት ፈጀባቸው፤ እዚያ ወረቀቴን ማንም ሳይጠይቀኝ ነፍሳቸውን ሰጡኝ። የመጣሁበትን አላጣሁትም፣ የእማዬም ዓይን በላክሁላችሁ ይታከማል። ሆኖም ሁለቱን በሚዛን ሳስቀምጣቸው የቱ እንደሚያመዝን መለየት ያቅተኛል።

ስለ ትሕትና የጠየቁኝን እነሆ። አትምጣ አልልም፤ እኔ የሄድኩበትን በር በእሷ ላይ አልዘጋም። ግን በደላላ ምላስ አትምጣ። ትምህርቷን ጨርሳ ገጠር ጤና ጣቢያ ሁለት ዓመት ትሥራ፤ እጇን ትመነው። የእንግሊዝኛውን ፈተና እዚያው ሆና ትለፈው፤ መጽሐፉን እኔ እልካለሁ። ከዚያ በኋላም ልቧ ከቆረጠ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ እቀበላታለሁ።

እርስዎንም አንድ ነገር ልለምን። በደጀ ሰላም ለካህናቱ «ልጄ ሆስፒታል ታስተዳድራለች» ብለው እንደነገሩ መልአኩ አጫውቶኛል። የሚያፍረው የእኔ ፊት እንጂ የእርስዎ እንዳይሆን፣ የዋሸሁት እኔ መሆኔን ይንገሯቸው። ኮን ጤና ጣቢያም በእኔ ቦታ ሰው ተተክቶ እንደሆነ አስጠይቀው ይጻፉልኝ። ባዶ ከሆነ ባዶ ነው ይበሉኝ።

እማዬ አመተ ማርያምን ጉልበቷን ስሜያለሁ። መልአኩን ስልክ ላይ ስለዋሸሁት ይቅር በለኝ በሉልኝ። ጎረቤታችን አባ ተክለ ሚካኤል በጸሎታቸው ያስቡኝ። ለትሕትና ይህን ደብዳቤ ስጧት፤ ብቻዋን ታንብበው። አንብባ ብትቆጣኝ አትገሥጿት፤ መቆጣት ይገባታል።

ልጅዎ ሰገነት ወልደ ሰንበት
ሊድስ፣ እንግሊዝ
የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.