ካርቱም ያልደረሰው ማርማላታ

ይድረስ ለልጄ ለውቢት። አርባ አራቱ ታቦት ከሰው አገር ብርድና ከክፉ ነገር ይሰውሩሽ። እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ወንድምሽ ምናለም ሳሉ ተሽሎታል።

ይህን ደብዳቤ ከፍተው ያነቡታል ብዬ በፖስታ ቤት አልላክሁትም፤ ለትምህርት ወደ ሶፊያ የሚመጣ የጎረቤት ልጅ ይዞልሻል።

ኮሶዬ ያለው የኮክ ተክላችን ዘንድሮ ሸጋ አፍርቶ ነበር። አባትሽ እንደ ወትሮው ማርማላታ አሠርተው፣ ለካርቱሙ ደንበኛቸው እንዲደርስ በሾፌሩ በዋሴ ማኪና ላኩት። መተማ ሳይደርስ ኬላ ላይ ተያዘ። ኬላ ጠባቂዎቹ "ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው" ብለው ዋሴን ጎንደር አምጥተው አሰሩት።

አባትሽ ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ደርበው ተነሡ። በሩ ላይ ቆምሁባቸው።

"ምነው፣ እርስዎን ማን ጠራዎት?"

"ማርማላታው የኔ ነው መንበረ። በኔ ዕቃ የሰው ልጅ አይታሰርም" አሉኝና ሄዱ።

ዋሴን ፈቱት፤ እሳቸውን አስቀሯቸው። ስንቅ ሳመላልስ ባዶው ሳህን ሲመለስልኝ በሕይወት እንዳሉ አውቅ ነበር። ትናንት ግን ምግቡ ሳይነካ ተመለሰ። "ተዛውረዋል" አለኝ ጠባቂው። ወዴት እንደሆነ ብጠይቀው ፊቱን አዞረ። ዋሴ ወደዚያ ወስደዋቸው ይሆናል ብሎ፣ እያለቀሰ ሊያፈላልጋቸው አዲስ አበባ ወርዷል። እኔ አንዳንዴ ስለ ሄዱ እናደድባቸዋለሁ፤ መልሼ ደግሞ ባይሄዱ ኖሮ እሳቸው አይሆኑም ነበር እላለሁ።

ልጄ፣ ለክረምት እመጣለሁ ያልሽውን እባክሽ ተይው። ዓይንሽን ማየት እንዴት እንደናፈቀኝ እግዜር ያውቃል። ግን አንቺ እንኳ እዚያው ቆይልኝ። ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ፤ አባትሽንም አቁማ ታሳይሽ።

እናትሽ መንበረ