በዓይኔ በብረቱ፣ አለች እማዬ

ሰኞ፣ መጋቢት 7 ቀን 1979

አውቶቡስ የለም። ከገርጂ እስከ ቦሌ መንገድ በእግር… ጫማዬ ጭቃ በጭቃ። ዩኒቨርሲቲ ስደርስ ዶክተር ተኽላይ ቢሯቸው በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ ናቸው፤ ሰው ሲያረፍድ አይወዱም።

ርዕሴን ዛሬም ጣሉት። "የወንጀለኞች ሥነ ልቦና" ብዬ ነበር። "ይሄ ውቅያኖስ ነው፤ አንቺ የያዝሽው ጭልፋ ነው" አሉኝ። "ሌባውን ተይው። ሌባውን አየሁ የሚለውን ሰው አጥኚ። ሰው ያየውን ምን ያህል በትክክል ያስታውሳል?"

ይሄ ደግሞ ምኑ ይጠናል? ያየ አየ፣ ያላየ አላየ!

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። "አራት ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው? ያየሁትን እንዳየሁት ልትነግሪኝ?" ወንድሜ እሸቴ ደግሞ አያልፍም። "ዶክተር፣ ፋሲካ ስንት ቀን እንደቀረው አጥኚልኝ፤ ሽሮ መረረኝ።" አየር መንገድ ሞተር ሲፈታ ይውልና ቤት ሲገባ እኔን ይፈታኛል።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ጉድ ፈላ ዛሬ! የቀበሌያችን በእጅ የሚያዘው ድምፅ ማጉያ ተሰረቀ።

እንደ ሁልጊዜው የእሑድ ስብሰባ ላይ ነበርን። ለዕረፍት ወጣ ሲባል አቶ ላጲሶ፣ የፍርድ ሸንጎው ሊቀ መንበር፣ ድምፅ ማጉያውን በረንዳው ላይ አስቀምጠው ገቡ። ዝናቡ ወረደ። ከዚያ "ሌባ! ሌባ!" የሚል ጩኸት… እኔ ውስጥ ነበርኩ፣ ምንም አላየሁም። እማዬና ሁለት ጎረቤቶቻችን ግን በረንዳው ላይ ነበሩ። አረንጓዴ ካቦርት የለበሰ ሰው አንድ ነገር ጉያው ከቶ ወደ ባሕር ዛፎቹ ሲሮጥ አይተዋል።

"ገመዳ ነው! በዓይኔ በብረቱ!" አለች እማዬ።

ገመዳ?! ወተት በብስክሌት የሚያመላልሰው ገመዳ? የሣባ እጮኛ? ሣባ እኮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ናት። ሠርጋቸው ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል!

እማዬ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ናት። እሷ ካለች አለች ነው። ሁለቱ ሴቶችም "አዎ፣ እሱ ነው" አሉ። ገመዳ ደግሞ ይግረምህ ብሎት ስብሰባ ቀርቷል። "ቤቴ ተኝቼ ነበር" አለ። ማን አየህ? ማንም። አመሻሹ ላይ ወሰዱት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ከሣባ ጋር ሄደን ጠየቅነው። ከስብሰባ አዳራሹ ጎን ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው የታሰረው። ሣባ ታለቅሳለች። የጥሪ ካርዱ ታትሟል። ሸንጎው ሦስት ወር ከፈረደበት ሚያዝያ 18 ማንን ልታገባ ነው?

ገመዳ ራሱ ነው ያጽናናን። "አይዞሽ፣ እዚህ ተመችቶኛል። ጉዲና እንደ አራስ ነው የያዘኝ" አለ። ጉዲና የቀበሌው ዘብ ነው። እውነትም ምሳውን ከቤቱ ያመጣለታል፣ የራሱን ብርድ ልብስ ሰጥቶታል፣ እኛ እያለን እንኳ "ሻይ ልጨምርልህ?" እያለ ሁለቴ ገባ። እስረኛውን እንዲህ የሚንከባከብ ዘብ አይቼ አላውቅም። መጻሕፍቱም ላይ የለም።

ማታ እማዬን ያዝኳት። እርግጠኛ ነሽ?

"እኔ ዘርፌ የሰው ስም በከንቱ የማነሳ መሰለሽ? ደስ ብሎኝስ ነው? ስታድጊ ወተት የጠጣሽው ከእነሱ ቤት ነው። ግን አየሁ። ያየሁትን አላየሁም ልበል? ጊዮርጊስን ብዬ ምያለሁ እኮ!"

ውሸታም ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አይደለችም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 17

ዶክተር ተኽላይ ሁሉንም ሰሙኝ። "ፊቱን አይታለች ወይስ ካቦርቱን?" አሉ። ጠይቄያታለሁ። "ካቦርቱን ለብሶ ፊቱ የት ይሄዳል?" ነው ያለችኝ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለካ ይስቃሉ!

ከዚያ ኮስተር አሉ። "ሰው ግማሹን ያያል፣ ግማሹን ይሞላል። የሚሞላው በሚያውቀው ነው። እናትሽ አልዋሹም፤ ሞሉት።" አረንጓዴ ካቦርት ስታይ ማን ትዝ ይላታል? በየማለዳው በዚያ ካቦርት በራችንን የሚያንኳኳው ገመዳ። መርካቶ የሚሸጠውን ያንን የወታደር ካቦርት እኮ የገርጂ ግማሽ ሰው ለብሶታል። ዘቦቹም፣ እሸቴም!

ይሄን ግን ሸንጎ ፊት በወሬ ማን ያምነኛል? "አሳዪያቸው እንጂ አትንገሪያቸው" አሉኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 20

አቶ ላጲሶን ቤታቸው ሄጄ አናገርኳቸው። ሐሳቤ፦ በስብሰባ መሐል አንድ ሰው ገብቶ የእርስዎን ባርኔጣ ከጠረጴዛው ላፍ አድርጎ ይሮጣል። ከዚያ ሰዉን ማንን አያችሁ ብለን እንጠይቃለን።

"ሳይንሳዊ ነው?"

"እጅግ በጣም ሳይንሳዊ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።"

"እንግዲያስ ይደረግ! ባርኔጣዬን ግን ጭቃ እንዳይነካብኝ።" ሳይንሳዊ የምትለዋን ቃል እንደሚወዱ መንደሩ ሁሉ ያውቃል… ተጠቀምኩባት። የገመዳን ጉዳይ ለመጋቢት 30 ቀጥረዋል። ሚስጥሩን ለማንም ላይናገሩ ማሉልኝ።

ሯጩ ማን ይሁን? እሸቴ ነዋ። ሌላ ማንን አምናለሁ? እማዬ ገና በር ሲከፍት ታውቀዋለች፤ ከእሷ መልስ አልጠብቅም። የሌሎቹ ይበቃኛል። እሸቴ "የባርኔጣው ዋጋ ስንት ነው? እዚያው ሮጬ ብቀርስ?" እያለ ያሾፋል።

እሑድ፣ መጋቢት 27

ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ሰረዝኩ። ከሳቅ ይሁን ከድንጋጤ አላውቅም።

አቶ ላጲሶ ስለ ችግኝ ተከላ ሲናገሩ የኋላው በር ብርግድ አለ። እሸቴ፣ የካቦርቱን ኮሌታ ወደ ላይ አድርጎ፣ ባርኔጣውን ላፍ! በጎን በር ውልቅ! ሰው ሁሉ ተነሣ። እማዬ ወንበር ላይ ወጣች።

"ያውላችሁ! ገመዳ ነው! አመለጠ! ማን ፈታው?"

ኧረ በስማም… የገዛ ልጇን! የወለደችውን!

ይሄን አልፈለግኩም። አቶ ላጲሶ ግን ተረጋግተው "ማንም አይንቀሳቀስ፤ ይህ ሳይንሳዊ ነው" ብለው አንድ በአንድ ጠየቁ። አንዱ ጺማም ነው አለ። ሌላዋ "ያነክሳል።" አንድ ሽማግሌ ሽጉጥ አይተዋል። ካቦርቱ ሰማያዊም ሆነ፣ ጥቁርም ሆነ። እማዬ ጋ ሲደርሱ፦

"በዓይኔ በብረቱ፣ ገመዳ!"

"ጉዲና፣ ዕቃ ቤቱን ክፈት" አሉ።

ገመዳ በሸሚዙ፣ ዳቦ እያላመጠ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ሲያየው ግራ ገባውና "እንደምን አደራችሁ" አለ። ተከትሎ እሸቴ ባርኔጣውን ደፍቶ ገባ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ላጲሶ ሳይቀሩ ጠረጴዛ ደበደቡ።

እማዬ አልሳቀችም። ከወንበሩ ቀስ ብላ ወረደች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወጣች።

ሰኞ፣ መጋቢት 28

አታናግረኝም። ሽሮው ጨው የለውም። ማን ደፍሮ ይናገር? በላን።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 29

ዛሬም ዝም። እሸቴን ግን ደጋግማ ታየዋለች። ፊቱን፣ ጆሮውን፣ ከኋላው ሲሄድ አረማመዱን። "እኔ ነኝ እማዬ፣ በጊዮርጊስ!" ይላታል ተንኮለኛው።

ከሰዓት አጠገቧ ተቀምጬ ምስር ስለቅም በመጨረሻ ተናገረች። "ልጄን አላወቅኩትም፣ አፀደ። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ… አንድ ካቦርት ሸፈነብኝ?"

ይቅርታ ጠየቅኳት። ላዋርድሽ ብዬ አይደለም፣ ታውቂዋለሽ ብዬ ነበር አልኳት።

"እሱን ተይው። የሣባ እናት ዓይኔን አታይም። ያንን ልጅ ሁለት ሳምንት አሳሰርኩት?"

ሁለታችንም አለቀስን። ምስሩን አብረን ለቅመን ጨረስን።

ረቡዕ፣ መጋቢት 30

ሸንጎው ተሰየመ። እማዬ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ሳትጠራ ተነሣች።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቃሌን አነሣለሁ። ያየሁት ካቦርት ነው። የሚሮጥ ካቦርት። ገመዳን የጨመርኩበት እኔ ነኝ። መሐላዬን ከንስሐ አባቴ ጋር እጨርሳለሁ፤ ልጁን ግን ልቀቁት።"

አንድም ሰው አልሳቀም። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። "እኛማ ወይዘሮ ዘርፌ ስላለች ነው" አሉ። ወይ ጉድ! ሦስት ምስክር ስንል ለካ አንድ ነው። ለዶክተር ተኽላይ ይሄን ለመንገር እስከ ነገ እንዴት ልቆይ?

ገመዳ ተፈታ። ሣባ እናቴን ቀድማ አቀፈቻት። እማዬን እንዲህ ወድጃት አላውቅም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 1

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው! ድምፅ ማጉያው ተገኘ። ያመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጉዲና!

ያን እሑድ በረንዳው ላይ ሲያነሣው ከእጁ ወድቆ ተሰንጥቋል። አቶ ላጲሶ ሳያዩ አሠርቶ ሊመልስ፣ ከዝናቡ ጉያው ከቶት ሮጠ። ከኋላው "ሌባ!" ሲባል ደነገጠ። ገመዳ ሲያዝ ባሰበት። "ልናገር ስል ፈራሁ፣ ስፈራ ምሳ አመጣሁለት" አለ እያለቀሰ። ምሳው! ሻዩ! ብርድ ልብሱ! ዓይኔ ሥር ሆኖ ይሄን ሁሉ ጸጸት ሲያቀርብ እኔ ጥሩ ዘብ ነው ብዬ አለፍኩ። ከማን ነው የተማርኩት? ከእማዬ መሆን አለበት።

ገመዳ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ክሱን ተዉት፤ ለሠርጌ ውኃ ይቅዳ።" አቶ ላጲሶም ማጉያውን በራሱ ኪስ እንዲያሠራ ፈርደው ተዉት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 11

ፋሲካ። እሸቴ ዶሮውን አየ። በዓይኑ በብረቱ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15

ዶክተር ተኽላይ ረቂቄን አነበቡ። "ጭልፋሽ ሞልቷል" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይሄ ሽልማት ነው። የእማዬን ስም አውጥቼ "ምስክር ሀ" ብያት ነበር። ስነግራት ተቆጣች። "ሀ ማናት? ዘርፌ ብለሽ ጻፊ። ተሳስቼ የተመለስኩት እኔ፣ ስሙን ሀ ትወስደው?"

እሑድ፣ ሚያዝያ 18

ከሠርጉ አሁን ገባሁ። እግሬ አብጧል፣ ድምፄ ተዘግቷል።

ጠዋት አቶ ላጲሶ ለሙሽሮቹ ሲሉ የቀበሌውን ቢሮ ከፈቱ። ለጋብቻው ፊርማ ምስክር ያስፈልጋል። የሣባ አጎት ፈረሙ። "በሙሽራው በኩልስ?" ሲሉ ገመዳ ዞር አለና "ወይዘሮ ዘርፌ" አለ።

እማዬ ክው አለች። "እኔ? እኔንማ ተወኝ፣ ልጄ። የእኔን ዓይን ማን ያምናል?"

"እኔ አምናለሁ" አላት። "ይምጡ።"

ድሮ ቢሆን እስክሪብቶውን ነጥቃ ትፈርም ነበር። ዛሬ ጠረጴዛውን ዞራ ሙሽራው ፊት ቆመች። አገጩን በሁለት ጣቷ ያዘች። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ግንባሩን አየች፣ ዓይኑን አየች፣ ጆሮውን ሳይቀር አየች። ገመዳ ሳቁን መዋጥ አቅቶት ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።

"አዎ" አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። "እሱ ነው።"

ፈረመች።