ለስብሰባ ውሃ ቦታ የለቀቀው ክትባት

ለክቡር የዱር እንስሳት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት የስብሰባ አዳራሽ

ጉዳዩ፦ የዘገየ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ጉሮሮዎ እንዴት ነው? ባለፈው ጉባኤ ስለ ተኩላዎቻችን ሦስት ቀን ሙሉ ሲናገሩ ውለው ድምፅዎ ተዘግቶ እንደነበር ሰምቼ በጣም ተጨንቄ ነበር። ደግነቱ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ልብ ነበር አሉ። እሰይ፣ እንኳን ተረፉልን።

እኔን አያውቁኝም፤ በዚህም አልቀየምዎትም። የምሠራበት ቅርንጫፍ ከቢሮዎ የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል፤ ጉባኤውን ሊመሩ እኛ ዘንድ በመጡ ጊዜም እኔ መስክ ላይ ነበርኩ። የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ፤ በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ተኩላ ትጠብቃለች ይባልልኛል እንጂ ውሎዬ ከውሻ ጋር ነው፤ ምክንያቱም ተኩላዎቹን የሚፈጃቸው ከመንደር ውሻ የሚጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ስለሆነ፣ እነሱን ለማትረፍ መጀመሪያ የሰዉን ውሻ መከተብ ያስፈልጋል። በአገር ላይ የቀሩት ተኩላዎች ስንት እንደሆኑ እርስዎ ራስዎ በጉባኤው ላይ እንባ እየተናነቀዎት ስለገለጹ አልደግመውም። በእኛ ሸለቆ የነበሩት ግን ዘጠኝ ትልልቆችና አምስት ቡችሎች ነበሩ።

የመንጋው እናት እቴቴ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ሠላሳ ዓመት በዚያ ሸለቆ በጥበቃ ሠርቶ ጡረታ የወጣው አባቴ ነው፤ ወንድሞቼ ሥራውን ሲንቁት የሩቅ ማያ መነጽሩን የወረስኩት እኔ ሴት ልጁ ነኝ። አሁን ዓይኑ አያይለትም። ከሥራ ስገባ፣ ገና በሩን ሳልዘጋ፣ የሚጠይቀኝ ደከመሽ ወይ ብሎ ሳይሆን ዛሬ ስንት አየሽ ብሎ ነው። ኋላ ስለምመለስበት ይህችን ነገር እባክዎ ይያዙልኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ክትባቱን ስለላኩልን ከልብ አመሰግናለሁ። ሰባት ወር ደጅ ጠንተን፣ አራት ደብዳቤ ጽፈን፣ ከአራቱም አንዱ ማኅተሙ ደብዝዟል ተብሎ ተመልሶልን፣ በመጨረሻ አንድ ካርቶን ደረሰን። የደረሰ ዕለት ካርቶኑን አቅፌ ወደ ፍሪጁ ስወስድ ባልደረቦቼ አራስ ናት እያሉ ሲያሾፉብኝ ዋሉ። እርስዎ በብዙ ሥራ ስለሚወጠሩ ላስታውስዎትና፣ ይህ ክትባት ከቅዝቃዜ ከወጣ ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ አይሸትም፣ ቀለሙም አይለወጥም፣ ምንም ምልክት አይሰጥም። ቅርንጫፉ ያለው ፍሪጅ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በካርቶኑ ጎን ላይ በትልቁ፣ በቀይ ስክሪፕቶ፣ «ከፍሪጅ አይውጣ» ብዬ ጻፍኩበትና የውሻ ባለቤቶችን ለመቀስቀስ ወደ መንደሮቹ ወጣሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ጉባኤው አመሰግናለሁ። እኔ በሌለሁበት በዚያው ሳምንት «ተኩላዎቻችንን ከጥፋት እንታደግ» የሚል ትልቅ ጨርቅ አሰቅለው ከእንግዶችዎ ጋር መጡልን። ስድስት ዓመት ያልተጠገነው የሽንት ቤታችን በር በአንድ ጀምበር ተጠገነ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይዘጋል፣ ውለታዎን አንረሳም። ስመለስ ካርቶኔ ፍሪጁ ውስጥ ነበር፤ ስዳስሰው ቀዝቃዛ ነው። ነገር ግን ቀዩ ጽሑፍ ወይቦ ነበር፤ ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀትም ጠርዙ ተጨማዷል። አይቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። አላየሁም ብል አፈር ልብላ። ልጠይቅ አልኩና፣ ተበላሽቷል ቢሉኝስ፣ ሌላ ሰባት ወር ማን ይጠብቃል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ አፌን ዘግቼ ካርቶኑን በበረዶ ሳጥን ጭኜ ወጣሁ። በስድስት ቀን ሁለት መቶ አርባ ውሻ ወጋሁ። ለየባለቤቱ ቢጫ ካርድ ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ እስከ ከርሞ ሐሳብ አይግባችሁ አልኩ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ለእርስዎ አላካፍልም፣ የእርስዎ ለራስዎ ይበቃዎታል።

ከተወጉት ውሾች አንዱ ሻምበል ነው። ሻምበል የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ውሻ ነው። ጋሽዬ ልብስ ሰፊው ቤት ቢቃጠል እንኳ ከስፌት መኪናው የማይነሳ ሰው ነው፤ በዚያን ዕለት ግን ሱቁን ዘግቶ፣ የውሻ ገመድ ቢያጣ በልብስ መለኪያ ሜትሩ አስሮ ይዞት መጣ። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሻምበልን ሱፍ ልታሰፋለት ነው ወይ እያለ ሲስቅበት ነበር። እሱም አብሮ ሳቀ። በአራተኛው ወር ሻምበል አበደ፤ የጌታውን እጅ ነክሶ ወደ ሸለቆው ሮጠ። ጋሽዬ ጤና ጣቢያ በጊዜ ደርሶ መርፌውን ስለጀመረ ተርፏል። ሻምበል ግን ከወንዙ ማዶ ከነእቴቴ ጋር ተገናኘ።

በሰባት ሳምንት ውስጥ አለቁ። ወንዱን ከድንጋይ ካቡ ሥር አገኘሁት፤ ሁለቱን ወንድማማቾች መንገድ ዳር፤ ሦስቱን ቡችሎች ከጉድጓዳቸው አፍ ላይ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እንደተጋደመ። የሌሎቹን አልዘረዝርም፣ አቅም የለኝም።

እቴቴን ግን ልንገርዎት፤ መቼም ስለ እሷ በጉባኤው ላይ ብዙ ተናግረውላታል። ስምንት ዓመት ሙሉ ከሁለት መቶ እርምጃ ወዲህ አስጠግታኝ የማታውቅ እንስሳ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ በጠራራ ፀሐይ እየተንገዳገደች ወደ ጣቢያችን አጥር መጣች። ለሃጯ ይዝረበረባል፤ የአጥሩን እንጨት ትነክሳለች፣ ትተወዋለች፣ ደግሞ ትነክሰዋለች። ወጥቼ ልጠጋት አልችልም። መኪና ውስጥ መስኮቱን ዘግቼ ተቀመጥኩና እስኪያበቃ ድረስ አየኋት። እኔን ብላ የመጣች መሰለኝ፤ ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን መሰለኝ። ቀትር ላይ አረፈች። በመመሪያዎ መሠረት ጓንት አጥልቄ ለምርመራ የሚላከውን ናሙና ወሰድኩ፤ የቀረውን ቀበርኩ።

ሦስተኛ፦ ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። የላቦራቶሪ ውጤት እንኳ ሳይጠብቁ፣ እልቂቱ የደረሰው «ባለቤቶች ውሾቻቸውን በወቅቱ ባለማስከተባቸው» መሆኑን በየመንደሩ አስለጠፉልን። እንዲህ ያለ ፈጣን መልስ ከጽሕፈት ቤትዎ ስናገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። በማግስቱ ጋሽዬ ልብስ ሰፊው እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ ቢሮዬ መጣ። ቢጫ ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና፣ እኔ ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ልጄ፣ እስኪ ቀኑንና ፊርማውን አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩለት። አመስግኖኝ ወጣ። ምነው በሰደበኝ! ምነው ካርዱን ፊቴ ላይ በወረወረው! አሁን በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታዬን ይመልሳል፤ ሻምበልን ግን ከዚያ ወዲህ አንስቶብኝ አያውቅም።

አራተኛውን ቁጥር ለመስጠት እጄ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ልጻፈው። የጉባኤው መጽሔት ባለፈው ወር ደረሰን። ገጽ ስምንት ላይ የእርስዎ ፎቶግራፍ አለ። እጅዎን ወደ ላይ አንሥተው ሲናገሩ ያሳያል፤ ያምርብዎታል። ከፊትዎ የውሃ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ከቅዝቃዜያቸው የተነሣ ላብ ላብ ብሏቸዋል። ከኋላዎ መስኮት አለ፤ ፀሐይ ወለል ብላ ገብታለች። በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ፀሐይዋ ላይ፣ አንድ ነጭ ካርቶን ተቀምጧል። መጽሔቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። የራሴን የእጅ ጽሑፍ አወቅሁት።

ከፎቶግራፉ ሥር «ሁለተኛ ቀን» ይላል። እንግዲህ ቢያንስ ሁለት ቀን እዚያ ነበር ማለት ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎን በጣም ያመስግኑልኝ፤ ጥንቁቅ ባለሙያ ነው፣ አንዲት ፊደል እንኳ አልደበዘዘችበትም። ካርቶኑን ማን እንዳወጣው አጣሪ ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ አልፈልግም። ኮሚቴው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ውሃ አቀዝቅዥ የተባለችውን የጽዳት ሠራተኛ እንደሚሆን ከወዲሁ አውቃለሁና፣ እሷን ለቀቅ ያድርጉልኝ። ውሃው እንዲቀዘቅዝ ያዘዘውን ሰው እርስዎም እኔም እናውቀዋለን።

አሁን ወደ አባቴ ልመለስ። በየቀኑ ስንት አየሽ ይለኛል። ሁሉንም አባዬ፣ ዘጠኙንም ከነልጆቻቸው እለዋለሁ። እቴቴስ ሲለኝ፣ አዲስ ጉድጓድ እየማሰች ነው፣ እድሜ አልበገራትም እለዋለሁ። አንድ ቀን እንደውም ወንዱን ገፍትራ ሥጋ ቀማችው ብዬ ፈጠርኩለት፤ ሰውዬው ደስ ብሎት ራቱን ሳይጨርስ ስለ ወጣትነቷ ሲያወራልኝ አመሸ። እኔ ደግሞ ፊቴን እንደማያይ እያወቅሁ ፊቴን አዞርኩ። እንዲህ ያለ ውሸት ከየት ተማርሽ ቢሉኝ፣ የሞተውን ሁሉ «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ከሚለው ዓመታዊ ሪፖርትዎ ነው የተማርኩት። ከሪፖርትዎ የሚለየው፣ የእኔው የሚያሳፍረኝ መሆኑ ብቻ ነው።

የቀሩት ሦስት ናቸው። ኩርፊያ የምንላት የእቴቴ ልጅና ሁለት ቡችሎች። ኩርፊያ ከልጅነቷ ጀምሮ ከመንጋው ተነጥላ ለብቻዋ የመተኛት ዐመል ነበራት፤ አባቴ የትኛዋ አክስቷ አስቀይማት ይሆን እያለ ይስቅባት ነበር። ያ ዐመሏ አተረፋት። የእናቷን ሁለት ቡችሎች ወስዳ እያሳደገች ነው። በዚህ ሰሞን ወደ ወንዙ ልታወርዳቸው ጀምራለች፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ መንደሩ ነው፤ መንደሩ ውስጥ ባለፈው ሳምንት ሌላ ውሻ አብዷል። እነዚህ ሦስቱ ከሄዱ ከዚያ ሸለቆ ተኩላ የሚባል ነገር አበቃ። አዲሱ ክትባት ሐሙስ ይገባል። ቅዳሜ በወፍጮ ቤቱ ግቢ ውሾቹን እንደገና ለመክተብ ጠርቻለሁ፤ ነገር ግን ቤት ለቤት ስዞር አንድም ሰው ውሻ አመጣለሁ ያለኝ የለም። ያኔ ብናመጣ ዋሸሽን፣ ኋላም አላመጣችሁም ብላችሁ ለጠፋችሁብን አሉኝ። ምን ልመልስላቸው?

ስለዚህ ክቡርነትዎን ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ። ዓርብ ደግሞ ሌላ ጉባኤ ሊመሩ እኛው ዘንድ እንደሚመጡ ሰምተናል፤ እባክዎ የዚያን ዕለት ውሃዎን እንደኛ ለብ እንዳለ ይጠጡ። ሁለተኛው፣ ቅዳሜ ከመመለስዎ በፊት ወፍጮ ቤቱ ጋ አሥር ደቂቃ ቆመው፣ ክትባቱ የሞተው በእኛ እጅ እንጂ በእናንተ ስንፍና አይደለም ብለው ለሰዉ ይንገሩልኝ። ወንበር አዘጋጅቼልዎታለሁ። ባይመቸዎት አይጨነቁ፤ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ቆሜ እኔው አነበዋለሁ፣ የራሴንም ጥፋት ጭምር። አባቴም አድርሺኝ ብሎኛል፤ ባዘጋጀሁልዎ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ስንት እንደቀሩ ከሰዉ ጋር ያኔ ይሰማል።

እርስዎ ለጉባኤ፣ ጉባኤም ለእርስዎ እንዳትታጡ እየተመኘሁ፣ በሁለት መቶ አርባ ቢጫ ካርድ ላይ የፈረምኩትን ፊርማ ለሁለት መቶ አርባ አንደኛ ጊዜ በታላቅ አክብሮት እዚህ አኖራለሁ።

የእንስሳት ጤና ረዳቷ

ግልባጭ፦
ለጋሽዬ ልብስ ሰፊው
ለወፍጮ ቤቱ ግድግዳ
ለአባቴ (በጆሮው)

ማስታወሻ፦ ዓርብ ለእንግዶችዎ ውሃ ሊያስገባ ፍሪጁን የሚከፍት ሰው ካለ፣ በላይኛው የበረዶ ክፍል በሦስት ድርብ ታሽጎ የተቀመጠውን ነገር እንዳይነካ ይንገሩልኝ። የእቴቴ ጭንቅላት ነው። ለላቦራቶሪ ያነሳሁት ናሙና እሱ ነው፤ የሚወስደው መኪና ለጉባኤው ዝግጅት ስለተመደበ እስካሁን ተራውን ይጠብቃል። በላዩ ላይ በዚያው በቀዩ ስክሪፕቶ «ከፍሪጅ አይውጣ» ብዬ ጽፌበታለሁ። በሕይወቷ ያልተለቀቀላትን ቦታ ሞታ አግኝታለችና፣ እባክዎ አያስነሡብኝ።