በመጠኑ አምናለሁ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ ምንም አልተፈጠረም። ጠዋት ማሽኑ እንፋሎት አልሰጥም ብሎ ነበር፣ ኤርሚ በቡጢ መታውና ሠራ። ኤርሚ ካፌያችን ውስጥ አስተናጋጅ ነው። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ ማኪያቶ እሠራለሁ፣ እሱ ያደርሳል፣ ምስጋናውን እሱ ይወስዳል።

"አንቺ እኮ ማሽኑንም እርስዎ ነው የምትይው፣ ለዛ ነው የናቀሽ" አለኝ።

እውነቱን ነው። ማሽንም እፈራለሁ። ፖሊስ ሲገባ አረፋውን አብዝቼ ነው የምሠራለት፣ ማንም ሳያዘኝ። ለምን? እኔጃ...

ቤት ስገባ ግቢው በሙሉ ሹክሹክታ። አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ ሰፈራችንን እሪ በከንቱን ስትዞር ዋለች አሉ፣ ቤት እየቆጠረች። ታብሌት ይዞ ቤት የሚቆጥር ሰው ሲመጣ ምን እንደሚከተል እኛ ሰፈር ሕፃኑም ያውቃል። ከታች ያሉት ግቢዎች መጀመሪያ ተቆጠሩ፣ ከዛ ፈረሱ፣ አሁን የሉም። አክስቴ እቴቴም ሰምታለች። ቴሌቪዥኑን እንደሚጫን ዕቃ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አገኘኋት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

መጣች። ያውም እኛ ቤት፣ ያውም በእረፍቴ ቀን።

ፍዮሪ ትባላለች። ቀጭን፣ ከስድስት ኪሎ ከተመረቀች ገና ነው፣ ጫማዋ ጭቃ ብቻ። ቤት ልትለካ አይደለም የመጣችው። ሐሳብ ልትለካ ነው። የሆነ የጥናት ድርጅት አለ፣ ሰው ስለ ዲሞክራሲ፣ ስለ መሪዎች፣ ስለ ፍርድ ቤት ምን ያስባል ብሎ የሚጠይቅ። ቤት እየዘለሉ ይገባሉ፣ ከዛ ከቤቱ ሰው መሀል ታብሌቱ ራሱ ዕጣ ያወጣል። እቴቴ፣ የእናቴ ታላቅ ማለት ነው፣ እሷ ናት ያሳደገችኝ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ስትጠብቅ ፀጉሯ ሸብቷል። ታብሌቱ ሁለታችንን አየና እፀገነት አለ። በሕይወቴ ዕጣ የወጣልኝ ዛሬ ነው።

"እሷን ተያት" አለቻት እቴቴ፣ "ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆመችው፣ ዲሞክራሲ ላይ አልደረሰችም።"

አይሆንም አለች ፍዮሪ። ዕጣ ዕጣ ነው።

ይኼኔ ጋሽ አጥናፉ በር ላይ ደረሱ። የእድራችን ሊቀመንበር። ነፍስ ሳውቅም ሊቀመንበር ነበሩ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሁሉ ያለበት መጋዘን አንድ ቁልፍ ነው ያለው፣ እሱም በሳቸው ኪስ። ክረምት ላይ እሳቸው ክፍለ ሀገር ሄደው ሳለ ጎረቤታችን ጋሽ ገብረዮሐንስ ሲሞቱ፣ ድንኳኑ ተቆልፎበት ለቀስተኛው በሙሉ ዝናብ ላይ ተቀመጠ። ሲመለሱ ማንም ምንም አላለም። እኔም። እሳቸው ካኮረፉና ከእድር ከወጣን እቴቴን ማን ይቀብራታል? እኔ ብቻዬን ልሸከማት?

ጥግ ወሰዱኝ። "ልጄ፣ ምንም ብትጠይቅሽ በጣም በይ። በጣም፣ በጣም ብለሽ ሸኛት።"

መልሱ አራት ዓይነት ነው፦ በፍጹም፣ ትንሽ፣ በመጠኑ፣ በጣም። ፓርላማውን ምን ያህል ታምኛለሽ? በጣም። ፍርድ ቤትን? በጣም። ፖሊስን? ሳትጨርስ በጣም። ገዢውን ፓርቲ? በጣም። ተቃዋሚዎቹን? በጣም።

"ሁለቱንም?" አለች።

"ሁለቱንም በጣም።"

ባጠቃላይ ሰውን ምን ያህል ታምኛለሽ? በጣም፣ አልኩ። ቦርሳዬን ወደ ጭኔ እየሳብኩ።

ከዛ "የምታስቢውን ሳትፈሪ ለመናገር ምን ያህል ነፃ ነሽ?" አለችኝ። ተነሣሁ፣ በሩን ዘጋሁት፣ ተመልሼ ተቀመጥኩና በጆሮዋ "በጣም ነፃ ነኝ" አልኳት። ታብሌቱን ፊቷ ላይ አደረገችው። ሳል መስሎኝ ውኃ ላመጣላት ነበር... ለካ እየሳቀች ነው። ከዛ የሆነ ነገር ጻፈች።

መጨረሻ ላይ "ይኼን ጥናት የላከው ማን ይመስልሻል?" አለች። ስትገባ የድርጅቱን ስም ነግራኝ ነበር፣ ከድንጋጤ ጋር ጠፋኝ። "ጋሽ አጥናፉ" አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው።

ስልክ ቁጥሬንም ወሰደች። ለማረጋገጫ ነው አለች። ስምሽ አይወጣም ካሉ ስልኬ ምን ያደርግላቸዋል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ከስንቱ ሰው መርጬ የጋሽ አጥናፉን ስም ሰጠሁ። ምን ነካኝ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ለኤርሚ ነገርኩት። ባልነግረው ይሻለኝ ነበር። ሙድ መያዝ ጀመረ። ትዕዛዝ ሲያመጣ "አንድ ማኪያቶ፣ በመጠኑ ጠቆር፣ አረፋው በጣም፣ ስኳር በፍጹም" ይላል። ደንበኛውንም "ኬካችንን ምን ያህል ያምኑታል?" እያለ ይጠይቃል። አንድ ሽማግሌ ኬኩን በሹካ ነካ ነካ አደረጉትና "የትናንቱን ነው የዛሬውን?" አሉት።

ስቄ ሞትኩ። የሳቅኩት ከረቡዕ ወዲህ ገና አሁን ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የማላውቀው ቁጥር። የማላውቀውን አላነሣም። መጥራቱን አላቆም ሲል ኤርሚ አነሣና ጆሮዬ ላይ ለጠፈው። ወንድ ነው፣ ጨዋ ድምፅ።

"ወይዘሪት እፀገነት ነዎት?"

"አይደለሁም።"

"በቅርብ ቀን ቤትዎ መጥቶ ለጥናት የጠየቀዎት ሰው አለ?"

"የለም።"

"ፍዮሪ የምትባል..."

"አላውቃትም።"

"አቶ አጥናፉ የሚባሉ ሰውስ ያውቃሉ?"

ዘጋሁት። ስልኩን አጠፋሁ፣ ሲሙን አወጣሁና ባዶ የስኳር ጣሳ ውስጥ ከተትኩት።

"እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ለስኳር የሚደወል ስልክ አለ" አለ ኤርሚ።

ይሳቅ። ተገላገልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

የት አባቴ ተገላገልኩ። ፍዮሪ መጣች፣ ካፌው ድረስ። የምሠራበትን ያን ቀን ነግሬያት ነበር። በመስታወቱ ሳያት ባንኮኒው ሥር ቁጢጥ አልኩ።

"እፁ የለችም" አላት ኤርሚ። ከዛ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ "የለሽም አይደል?" አለኝ።

ሌላ ሰው ጋር ብሠራ እንዲህ አልዋረድም። ወጣሁ።

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አለቆቿ መልሴን ሲያዩት በጣም፣ በጣም፣ በጣም... እንዲህ የሚመልስ ሰው የለም፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብላ ራሷ ሞልታው ነው ብለዋል። ላኪው ደግሞ አጥናፉ ይላል። ጠረጠሩና ደወሉ፣ እኔ አላውቃትም አልኩ። አለቀ። እስከ ሰኞ ካልተረጋገጠ ትባረራለች። የተባረረችውም አጭበርብራ ነው ስለሚባል ሌላ የጥናት ድርጅት አይነካትም።

"እናቴ ሥራ መያዜን ለጎረቤት ነግራ እንኳን አልጨረሰችም" አለች።

ማኪያቶ ሠርቼ ፊቷ አኖርኩላት።

"ነይና መስክሪልኝ አልልሽም፣ የምትፈሪው ነገር ይኖራል። ግን መጥቻለሁ አይደል? ቤትሽ ቁጭ ብዬ ጠይቄሻለሁ አይደል እፁ?"

ሰዉ ሁሉ ወደኛ እያየ ነበር። አዎ ማለት ብቻ ነው። አልወጣልኝም። ማኪያቶዋን ሳትነካው ሄደች። ኤርሚ ብርጭቆውን ሲያነሣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልቀለደም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ለእቴቴ ሁሉንም ነገርኳት። ብሄድ አጥናፉ ማነው ይሉኛል፣ ስማቸውን አስይዤ ጭራሽ ላብራራ? ጋሽ አጥናፉ ቢሰሙ ከእድር ያስወጡናል፣ ቀባሪ እናጣለን፣ አልኳት።

"መጀመሪያ ልሙት" አለች። "ከዛ ቀባሪ ይጥፋ።"

"እቴቴ፣ የምሬን ነው።"

"እኔም የምሬን ነው። ያቺ ልጅ ስትገባ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የገባችው። ወለሉን ያጠብኩት ጠዋት መሆኑን አይታ።"

ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ስታኮርፍ እንዲህ ነው የምታደርገው፣ ሽንኩርቱ እንደ ዱቄት ይደቃል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሄድኩ።

አምስት ኪሎ ነው ቢሮው። ኤርሚ ፈረቃዬን ሸፈነልኝ፣ ማሽኑ እንዳይናፍቀኝ ፎቶውን በስልኬ አንሥቶ ሰጠኝ። ደረጃው ላይ ሁለቴ ተመለስኩ። ሁለተኛ ስመለስ ፍዮሪን አየኋት፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ታብሌቱን ተቀብለዋታል፣ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷታል። አየችኝ። ከዛ በኋላ መመለስ ከመግባት ይብስ ነበር።

ያ ባለ ጨዋ ድምፅ ማቲዎስ ይባላል። የሷ አለቃ። መነጽር፣ ብዙ ወረቀት።

"ማን ልበል?"

"እፀገነት ነኝ።"

"ስደውል አይደለሁም ብለሽኝ ነበር።"

"ያኔም ነበርኩ።"

አስቀመጠኝ። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ፣ ውኃ ከየት እንደምንቀዳ ጠየቀኝ። እሱ ቀላል ነው። ከዛ "ፖሊስን ምን ያህል ታምኛለሽ?" አለ። የማስበውን ብናገር ከታብሌቱ ጋር አይገጥምም፣ ፍዮሪ አጭበርባሪ ሆነች ማለት ነው። የዛን ቀኑን ልድገም ካልኩ ደግሞ እንደገና መዋሸት ነው፣ ያውም የመንግሥት ይሁን የማን ባላወቅኩት ቢሮ ውስጥ...

"የያኔውን ነው የዛሬውን?" አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ይለያያል?"

"በጣም።"

ከዛ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቀኝ። "አጥናፉ ማነው?"

ድንኳኑ ታየኝ፣ ድስቱ ታየኝ፣ እቴቴን ብቻዬን ተሸክሜ ታየኝ። በበሩ ቀዳዳ የፍዮሪ ጫማ ይታያል። ጭቃው ደርቋል።

"የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው" አልኩ። ከዛ አላቆምኩም። በጣም በይ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፣ ማን ላከኝ ስትለኝ ሌላ ሰው አልመጣልኝም፣ እሳቸውን እፈራለሁ፣ ያን ቀን የሚፈራ ሰው ስም የተጠየቅኩ ነው የመሰለኝ፣ ነፃ ነሽ ወይ ስትለኝ እንኳን መጀመሪያ ተነሥቼ በሩን ዘግቼ ነው...

"ቆይ፣ ቆይ" አለ። "ምን ዘግተሽ?"

"በሩን።"

ታብሌቱን ከፈተ። ፍዮሪ ከጥያቄው ሥር አስተያየት ጽፋለች። አነበበልኝ፦ "መልስ ሰጪዋ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ በሹክሹክታ በጣም ነፃ ነኝ አለች።" መጨረሻው ላይ ሳቁ አሸነፈው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። "ይኼን ቁጭ ብሎ የሚፈጥር ሰው የለም" አለ። ፍዮሪን ጠርቶ ታብሌቱን መለሰላት። ይቅርታም ጠየቃት፣ ትንሽ።

መልሴን ግን መቀየር አይቻልም። የተሰጠ መልስ አይነካም፣ እንዳለ ይገባል። ስለዚህ በዛ ጥናት ውስጥ ሁሉንም በጣም የምታምን አንዲት ሴት አለች። እኔ ነኝ።

ደረጃውን ስንወርድ ፍዮሪ "እሺ አሁንስ? አልመዘግብም" አለችኝ። እየወረድን መለስኩላት። ፖሊስ፣ ትንሽ። ፍርድ ቤት፣ ሄጄ ስለማላውቅ እኔጃ። ፓርላማው ውስጥ እነማን እንዳሉ አላውቅም።

"አላውቅም ማለትም ይቻላል፣ መልስ ነው" አለችኝ።

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሽ ነበር። በጣም አልሽኝ።"

ታክሲ ተራ እስክንደርስ ሳቅን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሲሙን ከጣሳው አወጣሁት። የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አነሣሁ። ተሳስተው ነው። ቢሆንም አነሣሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 23

የእድር ስብሰባ። እቴቴ ጉልበቷን አሟታል፣ እኔን ወከለች። እግሬ እዛ ሲደርስ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የአመራር ምርጫ ነው። ምርጫው እንዴት እንደሆነ ሰፈሩ ያውቀዋል። ጋሽ አጥናፉ ይነሡና "እኔ ደክሜያለሁ፣ ሌላ ሰው ምረጡ" ይላሉ። ሰው "ኧረ አይሆንም" ይላል። "እንግዲህ ካላችሁ" ይሉና ይቀመጣሉ። ይጨበጨባል። ዛሬም እንደዛው ሄደ። ከመቀመጣቸው በፊት ግን ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ "ታምኑኛላችሁ አይደል?" አሉ።

"እናምናለን" አለ ሰዉ በአንድ አፍ።

"በመጠኑ" አለ አንድ ሰው።

እኔ ነኝ። ወይኔ፣ የኔ አፍ ነው።

"ማነው?" አሉ ጋሽ አጥናፉ።

ባንኮኒ የለም። የምደበቅበት ምንም የለም። ማንም ወደኔ አላየም፣ ዝም ብል ያልፋል፣ አይደለሁም ብል ማንም አይከራከረኝም። ተነሣሁ።

"እኔ ነኝ። እፀገነት።"

"ምን አጎደልኩ ልጄ?"

ድምፄ እንደ ማሽኑ ይንተፋተፋል። "የድንኳኑ ቁልፍ አንድ ነው። እርስዎ በሌሉበት ጋሽ ገብረዮሐንስን ዝናብ ላይ ነው ያለቀስናቸው። ሁለተኛ ቁልፍ ቢኖር ብዬ ነው።"

ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ "እኔም በመጠኑ ነኝ" አለ። ከዛ አንዲት ሴትዮ "እኔ ከሷ ዝቅ እላለሁ" አለች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ እሳቸውም እየተናደዱ ሳቁ። ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽ ተባለ፣ ተጻፈ፣ ጸደቀ። ሊቀመንበርም እሳቸው ሆኑ። ሌላ ሰው አልፈለገውም።

ወደ ማታ በራችን ተንኳኳ። እሳቸው። አልገባም ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ በመጠኑ ከትንሽ ይበልጣል አይደል?"

"ይበልጣል ጋሼ። ከበጣም ቀጥሎ ነው።"

"እሱ ደህና ነው" አሉና ሄዱ።

እቴቴ ቴሌቪዥኑን ከብርድ ልብሱ እየፈታችው ነው። ሳታየኝ "እና ስትነሺ ፈርተሽ ነበር?" አለችኝ።

"በጣም" አልኳት።